ያልከፈልንበት እርዳታ ዕዳው ለማን ይከፈላል?



በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ የመጣብኝ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ጥያቄው ግን የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ፊቱን አይተን የማናውቀው፣ ወደፊትም የማናገኘው ሰው ያለ አንዳች ክፍያ ቢረዳን ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም? አለብን ካልንስ የምንከፍለው ለማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ልጄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በሥራ ቦታዬ ሊጣል የነበረ ላፕቶፕ አስፈቅጄ ይዤለት መጣሁ። ዊንዶውሱ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣ ነበር። አዲስ ለመግዛት አቅም አልነበረንም። ልጄም «አባዬ፣ ሊኑክስ እንጫንበት፤ ገንዘብ አያስወጣም» አለኝ። ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። ልዩነቱ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ ሊጭነው፣ ውስጡን ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው መቻሉ ነው። ዛሬ ደግሞ ይህ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም።

ልጁ በአንድ ማታ ጫነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። ነገር ግን ዋይፋዩ አልሠራ አለ።

አስተርጓሚ ያጣ ዕቃ

እያንዳንዱ የኮምፒውተር ዕቃ፣ የዋይፋይ ካርድም ሆነ ፕሪንተር፣ የራሱ ቋንቋ አለው። ዋናው ፕሮግራም የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቃል የሚያቀባብለው አነስተኛ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ቢሆንም፣ እኛ አስተርጓሚ ብንለው ይበልጥ ይገባናል። ኩፓት ኾሊም ሄዶ አስተርጓሚው የቀረበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሽተኛው አለ፣ ሐኪሙም አለ፣ መድኃኒቱም አለ፤ የጎደለው ቃል የሚያሻግር ሰው ብቻ ነው። የልጄ ዋይፋይ ካርድም አልተበላሸም፤ ዝም ያለው ንግግሩ ስላልተያያዘ ነበር።

ይህ ችግር ከየት ይመጣል? ዕቃውን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለዊንዶውስ የሚሆነውን ድራይቨር ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ለሊኑክስ ግን ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን አላዘጋጁም፤ የዕቃቸውን ቋንቋም ለሌላ ሰው አልገለጹም። ስለዚህ ፈቃደኛ ሰዎች ዕቃው ሲሠራ እየተመለከቱ፣ የሚሰጠውን ምልክት እየለቀሙ ድራይቨሩን ጻፉ። ከመካከላችን ዕብራይስጥን በኡልፓን ሳይሆን በገበያና በአውቶቡስ በጆሮው የተማረ ሰው ድካማቸውን ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ግሬግ ክሮኣ-ሃርትማን የተባለው የሊኑክስ ባለሙያ፣ የዕቃውን አሠራር ለሚገልጽ ማንኛውም ኩባንያ ድራይቨሩን ከባልደረቦቹ ጋር በነጻ እንደሚጽፍ በይፋ አስታወቀ። ከኩባንያዎቹ የፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ስለ ዕቃቸው እንዲናገሩ ነበር።

የዚህ ሁሉ ነገር አንዱ ሥር እምቢታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው ፕሮግራም ጸሐፊ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ ነበር። እዚያ የነበረው የቀድሞው ፕሪንተር ወረቀት ሲቀረቀርበት ለሠራተኞቹ መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ነበር። አዲሱ ፕሪንተር ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ለማስተካከል እንዳይቻል ተዘግቶ መጣ። ስቶልማን የፕሮግራሙ ጽሑፍ በእጁ አለ ወደተባለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሰውዬው ለማንም እንዳልሰጥ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን ይህን እንደ ቀላል ነገር አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ፕሮግራም ሥራ አስታወቀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን የፈቃድ ውል አወጣ። ወደዚህ ውል ኋላ እመለሳለሁ።

ጥያቄን ማሰናዳት

ልጄ በኢንተርኔት ሊኑክስ ለሚያውቁ ሰዎች «ዋይፋይ አይሠራም፤ እርዱኝ፤ በጣም አስቸኳይ ነው» ብሎ ጻፈ። የመጣለት መልስ አጭር ነበር፦ ኮምፒውተሩ ምንድን ነው? የጫንኸው የትኛውን ሊኑክስ ነው? ካርዱ የማን ሥራ ነው? እስካሁን ምን ሞከርህ? ልጁ ተቆጣ። «እርዳታ ጠየቅሁ እንጂ ለፈተና አልተቀመጥሁም» አለ። እኔም በሆዴ ደግፌው ነበር።

እኛ ያደግነው በሌላ ሥርዓት ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ ጉዳዩን ገና ሳይቀመጥ አይዘረግፍም። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ይጠያየቃል፤ ቡናው ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ ነው «አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ» የሚለው። ችግርን ለማያውቁት ሰው መዘርዘርም እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ይሁን እንጂ እነዚያው አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ የሚያቀረቅር ሰው ሐኪሙን ያከበረ ይመስለው ይሆናል። በእውነቱ ግን የራሱን ሥራ ለሐኪሙ አሸክሞታል።

በማግስቱ ልጁ እንደገና ጻፈ። የላፕቶፑን ሞዴል፣ የጫነውን ሊኑክስ ስምና ቁጥር፣ በውስጡ ያሉትን ካርዶች የሚዘረዝረው ትእዛዝ ያሳየውን ሁሉ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚጽፈው መዝገብ ውስጥም አንድ ፋይል አልተገኘም የሚለውን መስመር ቃል ሳይቀንስ ገለበጠ፤ የሞከረውንም ጨመረ። ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ። ድራይቨሩስ አለ፤ የጎደለው ፈርምዌር ነው ተባለ። ፈርምዌር ማለት ካርዱ ራሱ ሥራ ሲጀምር የሚጫንበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው በሰዓቱ ደርሷል፣ በሽተኛው ግን ገና ከእንቅልፉ አልነቃም እንደማለት ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ኢንተርኔት የጎደለውን ፋይል አውርዶ እንዲጭን መከሩት። እንደተባለው አደረገ፤ ዋይፋዩ ሠራ።

ከዚህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ጥያቄን በደንብ ማሰናዳት የመጀመሪያው ክፍያ መሆኑን ነው። ገንዘብ የማይቀበለን ሰው የሚሰጠን ጊዜውን ነው፤ ጊዜውን አለማባከን ደግሞ በእጃችን ነው።

ይህ ማለት ግን ግዴታው የጠያቂው ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች በጽሑፍ ክፉኛ በመዝለፍ ለብዙ ዓመታት ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ግን ሰዎችን መጉዳቱን በይፋ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጠባዩን ለማረምም ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። በነጻ መርዳት የሰውን ክብር ለመንካት ፈቃድ አይሰጥም። ጠያቂው ዝርዝር ሲጠየቅ አይቀየም፤ ተጠያቂውም ዝርዝር ሲጎድል አይሳደብ።

ወንፈል፣ ደቦና ሦስተኛው

ዋይፋዩ ከሠራ በኋላ ልጄን «ለሰውዬው መሥራቱን ጻፍህለት?» አልሁት። «ምን ብዬ?» አለኝ። «እሱ አያውቀኝም፤ እኔም አላውቀውም። ገንዘብ አልጠየቀኝም። ምን ዕዳ አለብኝ?» በዚያን ጊዜ የምመልስለት አጣሁ።

በአገር ቤት ሁለት ዓይነት መረዳዳት አውቃለሁ። ወንፈል የተቆጠረ ነው፤ ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን አጭዳለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ሰፋ ያለ ነው፤ ባለ ጉዳዩ ሰው ይጠራል፣ እንጀራና ጠላ ያቀርባል፣ የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። በሁለቱም ግን ረጂና ተረጂ ይተዋወቃሉ። የቀረ ሰው ይታወቃል፤ ስሙም በመንደሩ ይነሣል። ዕዳው ተመልሶ የሚሄደው ወደመጣበት ቤት ነው። በሊኑክስ ሰዎች መካከል ያየሁት መረዳዳት ግን ከሁለቱም አይገባም። የረዳህ ሰው እርሻህ የት እንዳለ አያውቅም። ብትፈልግ እንኳ የእርሱን አዝመራ ልታጭድለት አትችልም። ታዲያ ዕዳው ወዴት ይሄዳል?

መልሱን ያገኘሁት የነገሩን አጀማመር ሳነብ ነው። የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችንን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ያመጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ነበር። ከዚያ በሦስተኛው ወር፣ ኦገስት 25 ቀን፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለማያውቃቸው ሰዎች መልእክት ጻፈ። ለትርፍ ጊዜው አንድ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ገልጾ፣ በወቅቱ ይጠቀሙበት ከነበረው ሚኒክስ ከተባለው ፕሮግራም የሚወዱትንና የማይወዱትን እንዲነግሩት ጠየቀ። እንግዲህ ሊኑክስ ራሱ ወደ ሰው የወጣው በጥያቄ ነው። በ1992 ደግሞ ሥራውን ከላይ በጠቀስሁት በጂፒኤል ውል ሥር አደረገው። የውሉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ውሰድ፣ ተጠቀምበት፣ አሻሽለው፤ ለሌላ ስታስተላልፈው ግን አንተ ያገኘኸውን ነጻነት ተቀባዩን አትከልክለው። ዕዳው ለሰጪው አይመለስም። ከአንተ ቀጥሎ ለሚመጣው ይተላለፋል።

ይህን ሳስተውል የልጄ ጥያቄ መልስ አገኘ። የልጄ ዝምታ የረዳውን ሰው ብዙም አልጎዳውም። የጎዳው ያንኑ ካርድ ይዞ ነገ የሚመጣውን ሰው ነው። ያ ሰው ጥያቄውን ያነባል፣ ምክሩንም ያነባል፤ ምክሩ መሥራቱን ግን የሚነግረው የለም። «በዚህ መንገድ ሠርቷል፤ አመሰግናለሁ» የምትል አንዲት መስመር ለምስጋና ብቻ አትጻፍም፤ ለሚቀጥለው መንገደኛ ምልክት ትሆናለች።

የሚቃወመኝ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ «ሊኑክስን ከሚጽፉት ብዙዎቹ ደመወዝ የሚከፍሏቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ ምን ነጻ እርዳታ አለ?» ይላል። እውነት ነው፤ የሊኑክስ ዋናው ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው ዛሬ በደመወዝተኞች ነው። ይሁን እንጂ በእኩለ ሌሊት የአንድ ተማሪን ዋይፋይ ሲያስተካክል ለነበረው ሰው ማን ከፈለው? ሌላው ደግሞ «እኔ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ የምገባ ሰው ነኝ፤ ለማንም የምከፍለው ዕውቀት የለኝም» ይላል። ይህ እኔን ራሴን የሚመለከት ስለነበረ በቀላሉ ልተወው አልቻልሁም።

የእናቴ ድምፅ

ልጄ ሊኑክስን ከለመደ በኋላ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር በሳሎኑ ጥግ አቁሞ የቤት ሰርቨር አደረገው። ሰርቨር ማለት ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ፋይል የሚጠብቅ፣ በቤት ውስጥ ያሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያስገቡበትና የሚያወጡበት ጎተራ ነው። ትልቅ ዲስክ ከውጭ አገናኘበትና የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ አስገባ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናቴ ድምፅ ነበር። ስለ መንደራቸው፣ በሱዳን በኩል በእግር ስለመጡበት ጉዞ፣ በመንገድ ስለቀሩት ሰዎች በየስማቸው እየጠሩ ያወጉትን ልጄ ለብዙ ሰዓታት በስልኩ ቀድቶት ነበር። እናቴ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ሰርቨሩን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነበር። ልማር ብዬ ስጠጋ «ቆይ አባዬ፣ እኔ ላድርገው» ይልና ማውሱን ከእጄ ይወስዳል። በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ ድካሜን አይቶ ነው። ከዚያም ለሠራዊት ተጠራና ሄደ።

በዚያው ክረምት በዝናብ ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጣ። ጠዋት ሰርቨሩ አልነሣ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ደርድሮ ቆመ። ልጄ ገና ሥልጠና ላይ ስለነበር በስልክ አይገኝም። አንድ ጎረቤቴ «አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» አለኝ። እጄን ወደ ኪቦርዱ ዘርግቼ ሳለ የእናቴ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ ሰበሰብሁት።

በዚያን ጊዜ ልጄ በሁለተኛው ቀን የጻፈው ጥያቄ መጣልኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል በወረቀት ገለበጥሁ። ከዚያም በኡልፓን ዕብራይስጤ፣ ስሕተቱን ሳላፍርበት፣ መብራት መጥፋቱን፣ ኮምፒውተሩ የሚለውን፣ ምን እንዳልነካሁና በዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ ጻፍሁ። መልስ የሰጠኝ ሰው መጀመሪያ ያለኝ «ምንም አታጥፋ፣ ምንም እንደ አዲስ አትጫን» ነው። ቀጥሎ የዲስኩ መብራት ይበራ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይበራም ነበር። ዲስኩ የራሱ የመብራት አዳፕተር ስላለው የተቃጠለው እሱ ሊሆን ይችላል አለኝ። ቮልቱ እኩል 12 የሆነ፣ አምፔሩ ያላነሰ፣ መሰኪያው የሚገጥም ሌላ አዳፕተር ገዝቼ ሰካሁ። ዲስኩ ተነሣ። የእናቴም ድምፅ ተሰማ።

ሰውዬው በዚህ አላበቃም። ኮምፒውተሩ ለምን እንደቆመ አስረዳኝ። የዲስኮች ዝርዝር በተጻፈበት ፋይል ውስጥ ያ ዲስክ የግድ እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ስለነበር፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጠብቆ ሲያጣው ሳይነሣ ቀረ። አንዲት ቃል ብትጨመርበት ዲስኩ ባይኖርም እንደሚነሣ አሳየኝ፤ ቃሏን በራሴ እጅ ጻፍኋት። በመጨረሻም በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር የለም ማለት ነው፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት አኑር አለኝ። አሁን አንዱ ቅጂ በእኅቴ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት እርዳታ አየሁ። አንዱ ማውሱን ከእጅህ ይወስዳል፤ ሥራው ያልቃል፣ አንተ ግን እንደነበርህ ትቀራለህ። ሌላው ማውሱን በእጅህ ትቶ ምክንያቱን ይነግርሃል። ልጄ የረዳኝ ከልብ በመነጨ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ መቆም እንዳልችል አደረገኝ። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። እኛ ወላጆች ልጆቻችንን ድራይቨር አድርገናቸዋል። በባንክ፣ በቢቱአሕ ለኡሚ፣ በሐኪም ቤት በመካከል ቆመው ቃል ያሻግራሉ። እነርሱ ለማስረዳት ጊዜ የላቸውም፤ እኛም ለመጠየቅ አፍረናል።

የምንከፍለው ከእጃችን ባለው ነው

የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራው ወገኔ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ዕዳው በአቅም ነው የሚከፈለው። እኔ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። ግን በዕብራይስጥ «አዳፕተሩ ነበር፤ ተቀይሮ ሠራ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም ያደረግሁትን ሁሉ በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፌ ከሰርቨሩ ጎን አስቀመጥሁት፤ አንድ ጎረቤቴም ገልብጦታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በስልካችንም በኮምፒውተራችንም አማርኛ የምንጽፈው ስማቸውን የማናውቅ ሰዎች ስለደከሙ ነው። እኛም በአማርኛ የምንጽፋት እያንዳንዷ ጠቃሚ ማስረጃ ከዚያ ዕዳ ላይ ትቀነሳለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ግን አልለፍ። ማንኛውም እንግዳ ቅን ነው ማለት አይደለም። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። የማታውቁትን ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት «ይህ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፋይል ሁሉ የሚደመስስ ትእዛዝ አለና። በቅንነት የሚረዳ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 ሲወጣ ስሙ የተወሰደው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚል ሐሳብ አለው። እኛም «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» እንላለን።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥቶ ሲመጣ የሆነውን ነገርሁት። አላመነኝም። «እስቲ አሳየኝ» አለና ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፋይሉን ፈልጎ ሲያጣው ማውሱን ከእጁ ልወስድ ስል ራሴን ያዝሁና፣ የት እንዳለ ብቻ ነገርሁት። እሑድ ጠዋት ወደ ጦር ሰፈሩ ከመመለሱ በፊት፣ ስለዚያ ዋይፋይ ዘግይቶ የነበረውን መልስ ሲጽፍ አየሁት። ሁለት መስመር ነበር።

ሰላም ሁኑ።